ክንፍ ያለው አንገት

ኤድመንተን፣ ለንደን
ኖቬምበር 19 ቀን 2023

ይድረስ ለእትዬ አይናለም፣

የአበርዲን ብርድ እንዴት ይዞዎታል? እዚህ እንኳ ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ላብ ያወርዳል፤ እዚያማ ምን ሊሆን ነው እያልኩ አስባለሁ። እኔ ደህና ነኝ።

ዝማሬ ነኝ፣ የኤልፍነሽ ልጅ። እርስዎ ቤት ስንኖር ገና አራት ዓመቴ ስለነበር ብዙ አላስታውስም። የመስታወት ቤቱን ግን አስታውሳለሁ፤ እንዳልገባ ይከለክሉኝ ነበር። አሁን አሥራ ሰባት ሊሆነኝ ነው።

እማዬ በኦገስት አረፈች። እስካሁን ስላልነገርኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። የምኖረው ከእታፈራሁ ጋር ነው። የእማዬ ጓደኛ ናት፤ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። ልጽፍልዎት ስል፣ «መርዶ በፖስታ አይላክም፤ ሰው ይዞት ይሄዳል እንጂ» ብላ ተቆጣችኝ። ግን አበርዲን ድረስ ማን ይሄዳል? ስልክም ደጋግሜ ደውዬ ነበር፤ አያነሱም። ቢያነሱት ደግሞ ምን እንደምል አላውቅም። በጽሑፍ ይሻለኛል።

የምጽፍልዎት ለአንድ ነገር ብቻ ነው። እማዬ ሆስፒታል ሆና ሰው ሁሉ በስልክ እንዲጠራላት አድርጋ ይቅርታ ተባብላለች። እርስዎ ብቻ ቀሩ። በመጨረሻ ያለችኝ፣ «አይናለም ይፍታሽ ትበለኝ» ነው። ቂም የያዘ ሰው ካልፈታት ነፍሷ ታስራ ትቆያለች ይባላል። የንስሐ አባታችንም፣ እርስዎ ቃሉን በጽሑፍ ከላኩ በሙት ዓመቷ ጸሎት ላይ እንደሚያነቡላት ነግረውኛል። ብዙ መጻፍ የለብዎትም። «እግዚአብሔር ይፍታት» ቢሉ ይበቃል።

ሌላ የምጨምረው የለኝም። ስለ ቢጫው አበባ ከጠየቁኝ፣ ስትሪትሃም ካለ ሱቅ እንደተገዛ እንድነግርዎት እማዬ አዝዛኛለች።

ዝማሬ


አበርዲን
ጃንዋሪ 8 ቀን 2024

ለዝማሬ፣

የእናትሽን ሞት ከደብዳቤሽ በፊት ሰምቻለሁ። ነፍስ ይማር ማለት ማንንም አይከብድም፤ ብያለሁ። ይፍታት ማለት ግን ሌላ ነው።

ስለ ቢጫ አበባ የጠየቅሁሽ ነገር አልነበረም። ያነሣሽው ራስሽ ነሽ። እናትሽ ነፍሷ እየወጣች እንኳ ለአበባው ምስክር ስታዘጋጅ ነበር ማለት ነው፤ ምስክሯ ደግሞ ሳትጠየቅ የምትናገር ሆነች።

እንግዲህ ከጀመርሽው ልጨርስልሽ። ባለቤቴ ተክለአብ ያሳድጋቸው የነበሩት አይሪሶች ጁኖ ይባላሉ። የመካከለኛው እስያ የተራራ አበቦች ናቸው። ብርድ አይፈሩም። ሙቀት ሲገባ፣ ሰመር ላይ፣ ውሃ ከነካቸው ግን ይበሰብሳሉ፤ ለዚህ ነው የመስታወት ቤት የሠራላቸው። ከሁሉም አንዷን ከዘር አበቀላት። እስክታብብ ስድስት ዓመት ጠበቃት። ባበበች በሦስተኛው ሳምንት ሞተ። አርባው በወጣ ማግሥት ወደ መስታወት ቤቱ ብገባ የተተከለችባት ማሰሮ የለችም። ወደ ቤት ብመለስ እናትሽም የለችም። አንቺን ይዛ ለንደን ገብታለች። እኅቴ ብዬ ያስጠለልኳት ሴት ናት።

ሱቅ የሚሸጠው ቡካሪካ የሚሉት ነው። የተክለአብ ኦርኪዮይዴስ ነበር። ሁለቱም ቢጫ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሻጮቹ ራሳቸው የአንዱን ስም ለሌላው ይሰጡታል። የሚለዩት አንድ ቦታ ላይ ነው። አበባው ሲፈነዳ ወደ ታች የሚተኙ ሦስት ቅጠሎች አሉት፤ ተክለአብ ምላስ ይላቸው ነበር። ምላሱ ከአበባው መሐል የሚነሣበት ጠባብ አንገት አለ። የኦርኪዮይዴስ አንገት ግራና ቀኝ ክንፍ አለው። የቡካሪካ የለውም። በቆመበት በደንብ አይለይም። ምላሱን ከሥሩ መንቀልና ጠፍጣፋ ነገር ላይ መዘርጋት ያስፈልጋል። ፎቶ አልቀበልም። መጽሐፍ ውስጥ አድርቀሽ ትልኪልኛለሽ።

ክንፍ ከሌለው ሐሜተኛዋ እኔ ነኝ፤ ይፍታት እላለሁ፣ ለራሴም ይፍታሽ በሉኝ እላለሁ። ክንፍ ካለው እናትሽ ሌባ ናት። ያንን አምነሽ በእጅሽ ጻፊልኝ፤ ያኔም ይፍታት እላለሁ። በሁለቱም መንገድ ቃሉን ታገኛለሽ።

አማርኛሽ ደህና ነው። ማን አስተማረሽ?

አይናለም


ኤድመንተን
ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2024

ይድረስ ለእትዬ አይናለም፣

ሰላምታዬ ይድረስዎት። እዚህ ቀኑ መርዘም ጀምሯል።

ለጠየቁኝ፣ አማርኛ ያስተማረችኝ እማዬ ናት። መነሣት ሲያቅታት ዳዊት አነብላት ነበር፤ ስሳሳት ዓይኗን ሳትገልጥ ታርመኛለች። ትምህርት ቤት ብዙ ቀን እቀር ነበር፤ እሷን ማጠብና ማገላበጥ ነበረብኝ። በኋላ ተውኩት። ስለዚህ ስሕተት ካዩ ከእኔ ነው፣ ከእሷ አይደለም።

ማሰሮው በረንዳ ላይ ነው። ዝናብ እንዳይመታው እማዬ ሰው የጣለውን የመስኮት መስታወት ከመንገድ አምጥታ ደግፋበታለች። ቡቃያው ወጥቷል። የበቆሎ ቡቃያ ይመስላል፤ ቅጠሎቹ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ እያሉ በአንድ መስመር ነው የሚወጡት። ዳር ዳራቸው ነጭ ነው። ከዚህ ማወቅ አይቻልም? የቅጠሉን ፎቶ ብልክልዎትስ? አበባውን መንቀል ከበደኝ። እማዬ አንድም ቀን አበባውን ቆርጣው አታውቅም። ሲረግፍ እንኳ የረገፈውን ለቅማ መጽሐፏ ውስጥ ነበር የምታስገባው።

እታፈራሁ ከሥራ ስትገባ ደብዳቤዎን ሳነብ አገኘችኝ። «ለአንድ ራስ ሽንኩርት ይሄ ሁሉ?» አለችኝ። «ቀይ ወጥ ውስጥ ከትፌ እገላግላችሁ ነበር።» እኛ ቤት ሥሩ ሽንኩርት ስለሚመስል ሽንኩርቱ ነው የምንለው፤ እማዬም ሽንኩርቴ ትለው ነበር። ሰርቃው ቢሆን ሽንኩርቴ የምትለው አይመስለኝም።

መልስዎን እጠብቃለሁ።

ዝማሬ


ኤድመንተን
ኤፕሪል 14 ቀን 2024

ይድረስ ለእትዬ አይናለም፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ደርሰውኛል። እንዳልደረሱኝ ሆኜ ቆይቻለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

«እስካሁን አላበበም ወይስ እያየሽ ዝም አልሽ?» ላሉኝ፣ አብቦ ነበር፤ ዝም ብዬ ነው። ማርች መጨረሻ ላይ ነው የፈነዳው። ዘንድሮ አንድ አበባ ብቻ ነው ያወጣው። አምና እማዬ እያለች ሦስት ነበር።

ጠዋት ተነሥቼ አየዋለሁ፤ ዛሬ አይደለም እላለሁ። ማግሥቱንም እንደዚያው። ባለፈው ቅዳሜ እታፈራሁ ስትሪትሃም ሄዳ ሌላ ማሰሮ ገዝታ መጣች። ቢጫ ነው። ቡካሪካ የሚል ካርድ ተሰክቶበታል።

«የዚህን ምላስ ንቀይና ላኪላት» አለችኝ።

«ውሸት ይሆናል እኮ።»

«ለሙት ተብሎ የሚዋሽ ውሸት ጽድቅ ነው። ደግሞ አሮጊቷ በምን ታውቃለች? አሽትታ?»

መጀመሪያ የሱቁን ነቀልኩና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። አንገቱ እንደ ሪባን ቀጥ ያለ ነው። ከዚያ ወደ በረንዳው ወጣሁ። የእማዬን ስነቅለው ቀጭን ድምፅ አወጣ፤ የሚሰማ አልመሰለኝም ነበር። ከሱቁ ጎን አስተኛሁት። ግራና ቀኝ ሰፍቶ ትከሻ አውጥቷል። ደጋግሜ አየሁት። እታፈራሁም ጎንበስ ብላ አየችው። ሄዳ ሻይ ጣደች።

የሱቁን ብልክልዎት ኖሮ ቃሉን በነፃ አገኝ ነበር። ግን የእማዬ ነፍስ በሱቅ አበባ የምትፈታ አልመሰለኝም። በወረቀቱ መሐል ያለው የእማዬ ነው።

እንዲህ ብለሽ ጻፊ ያሉኝን እጽፋለሁ። እናቴ ኤልፍነሽ የጋሽ ተክለአብን አበባ ከቤትዎ ሰርቃለች። ለእኔም ዋሽታኛለች።

አሁን ቃሉን ይላኩልኝ። ሙት ዓመቷ ኦገስት ውስጥ ነው።

ዝማሬ


አበርዲን
ሜይ 20 ቀን 2024

ለዝማሬ፣

ምላሱ ደርሶኛል። ገና ወረቀቱን ስገልጠው አወቅሁት። የተክለአብ ነው።

ሐቀኛ ነሽ። ከማን እንደወረስሽው አላውቅም፤ ከእናትሽ አይደለም።

ቃሉን እልካለሁ ብዬሽ ነበር። ነገር ግን ሳስበው፣ ይፍታት የሚባለው የተወሰደው ሲመለስ ነው። የሰረቀችውን በረንዳሽ ላይ አስቀምጠሽ ፍቺልኝ ማለት ከንቱ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ታደርጊያለሽ።

አንደኛው፣ ሽንኩርቱን ትመልሺልኛለሽ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ እስኪደርቅ ጠብቂ። ከዚያ ወዲያ ጠብታ ውሃ አታስነኪው። ስታወጪው መጎተት የለም፤ አፈሩን ገልብጠሽ በጣትሽ አራግፊለት። ከሽንኩርቱ ሥር እንደ ጣት የወፈሩ ሥሮች ተንጠልጥለው ታያለሽ። ስንቁ ያለው እነሱ ውስጥ ነው። እንደ ጠመኔ ተሰባሪ ናቸው። አንዱ ቢሰበር አበባው ዓመት ይታመማል። ሁሉም ከተሰበሩ ሽንኩርቱ የራሱን ሥጋ እየበላ ያልቃል። ተክለአብ ማሰሮ ሲለውጥላቸው እኔን እንኳ ከክፍሉ ያስወጣኝ ነበር።

ሁለተኛው፣ በሙት ዓመቱ ቀን በሰው ፊት ተነሥተሽ እናትሽ ያደረገችውን ትናገሪያለሽ። ኤልፍነሽ ለንደን ተቀምጣ «አይናለም በብርድ ከነልጄ አባረረችኝ» እያለች ስሜን ስታጠፋ ኖራለች። ቤተ ክርስቲያናችሁ ደርሶ የመጣ ሰው ነግሮኛል። ሐሰቱ በአደባባይ ተነግሯል፤ እውነቱም በአደባባይ ይነገር።

ዓይን አፋር ነሽ ይሉኛል። እናትሽም ነበረች። ዓይን አፋር ሰው ሲሰርቅ ማን ያየዋል።

አይናለም


ኤድመንተን
ጁላይ 7 ቀን 2024

ይድረስ ለእትዬ አይናለም፣

በስልክ ያነጋገሯት እታፈራሁ ነበረች፤ እኔ አይደለሁም። ስለተናገረችዎት ነገር ይቅርታ ያድርጉልን። ከፈረቃ ገብታ ደክሟት ነው።

«ለምን ቸኩለሽ አወጣሽው?» ላሉኝ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ቅጠሉ ደርቆ ነበር፤ እንዳሉኝም ውሃ አላስነካሁትም። እሑድ እታፈራሁ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ «በዚህች ማሰሮ ነው ሰላም ያጣነው» ብላ አንድ ሙሉ ጠርሙስ ጸበል አፈሰሰችበት። በስመ አብ እያለች ነው ያፈሰሰችው። ጮህኩባት። ጮሄባት አላውቅም።

«ጸበል ሰው ያድናል ወይስ ይገድላል?» አለችኝ።

ሰመር ላይ ይህን አበባ ይገድላል ብዬ እንዴት ልንገራት? ወዲያው ማሰሮውን ገለበጥኩት። አፈሩ ጭቃ ሆኗል። ቀስ ብዬ በጣቴ አራገፍኩለት። ሥሮቹ አልተሰበሩም፤ አንድም። ነጫጭ ናቸው፣ የሕፃን ጣት ይመስላሉ። እታፈራሁ ከኋላዬ ቆማ፣ «ካሮት ነው እንዴ ያፈራው?» አለች። ልታስቀኝ ነው፤ መታረቋ ነው። አሁን ጋዜጣ ላይ ተኝቶ እየደረቀ ነው። ቁምሳጥኔ ላይ ነው ያስቀመጥኩት፤ እሷ አትደርስም።

የምለምንዎት ነገር አለ። ሽንኩርቱን እልካለሁ። በሰው ፊት መናገሩን ግን ይተዉልኝ። አልችልም። አውቶቡስ ሲሞላ «አሳልፉኝ» ማለት አፍሬ መውረጃዬን አልፌ የምሄድ ሰው ነኝ። በወረቀት ጽፌው የንስሐ አባታችን ቢያነቡትስ? ወይም እርስዎ ያዘዙኝን ቃል በቃል ጽፌ ለእያንዳንዱ ሰው በእጁ ብሰጥስ? እሱን እችላለሁ። ጽሑፌም እየተሻሻለ ነው።

እባክዎን።

ዝማሬ


ኤድመንተን
ሴፕቴምበር 1 ቀን 2024

ይድረስ ለእትዬ አይናለም፣

«ልጅ ሆይ፣ አፍ የተሰጠሽ ለምንድን ነው?» ብለው የጻፉልኝ ደብዳቤ በጊዜው ደርሶኛል።

እንዴት ሆነ ብለው ለጠየቁኝ፣ ሆኗል። ያልኩትን አልደግምልዎትም፤ ይዞልዎት የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ጸሎቱ አልቆ ሰው አዳራሹ ውስጥ ለመብል ሲቀመጥ ነው የተነሣሁት። መጀመሪያ ማንም አልሰማኝም። «ጮክ በይ» አሉኝ። ጮክ አልኩ።

ምግብ የምታቀርበዋ መቅዲ ሰሐኑን እንደያዘች ቀረች። እማዬ ልጇን ክርስትና ያነሣችላት ናት። «ሙት ወቃሽ» አለችኝ። «ያውም የገዛ እናትሽን፣ ያውም እህሏን እየበላን።» አንዲት ባልቴት ደግሞ፣ «ተዋት፣ ልጅቷ ልክ አይደለችም፤ ድሮም አታወራም ነበር» አሉ። ሰው እየተነሣ መሄድ ጀመረ። ምግቡ ብዙ ተረፈ።

የንስሐ አባታችን እስከ መጨረሻው ጠበቁ። «ከአበርዲን የመጣ ወረቀት አለ?» ብለው ጠየቁኝ። የለም አልኳቸው። ከዚያ በፊት በደብዳቤዎ፣ «ቃሉ ከንግግርሽና ከሽንኩርቱ በኋላ ይመጣል» ብለውኝ እንደነበር አልነገርኳቸውም። ያለ እርስዎ ቃል አሳረጉ።

እታፈራሁ ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ከፊት ሄዳ ለብቻዋ ተቀመጠች። እስከ ዛሬ አላነጋገረችኝም። ምግብ ሠርታ ታስቀምጥልኛለች፣ ግን ብይ አትለኝም።

ሽንኩርቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ። ደረቅ ነው፣ ሻጋታ የለውም፣ ጤነኛ ነው። በመንገድ እንዳይናጋ ሁሉንም በጥንቃቄ ጠቅልዬዋለሁ። ሲከፍቱት ሳይቸኩሉ ይክፈቱት። ከእርስዎ የተወሰደ ነገር እኛ ቤት ምንም አልቀረም።

ዝማሬ


አበርዲን
ሴፕቴምበር 16 ቀን 2024

ለዝማሬ፣

ኤልፍነሽን እግዚአብሔር ይፍታት። እኔ አይናለም፣ በልቤ የያዝኩባትን ሁሉ ፈትቻታለሁ። ስሜን ስላጠፋችው ፈትቻታለሁ። የወሰደችውንም ይህን ሁሉ ዓመት በሕይወት አኑራዋለች፤ ከእኔ የተሻለ ይዛው ይሆናል። በሰላም ትረፍ።

ከዚህ በታች ያለው ላንቺ ነው።

ዕቃው ደርሶኛል። ሽንኩርቱን አገኘሁት። ሥሮቹንም አገኘኋቸው፣ አንድ በአንድ በነጭ ሶፍት ተጠቅልለው። በመንገድ የተሰበረ ሥር ለየብቻው አይጠቀለልም። ጠረጴዛዬ ላይ ደርድሬ ተቀመጥኩ። እናትሽ በረንዳ ላይ በተጣለ መስታወት ያቆየችውን አንቺ በምን ሰበርሽው? በእጅሽ ነው? ድምፅ ነበረው?

አፈር ውስጥ ከትቼዋለሁ። ቅጠል ያወጣ ይሆናል፤ ሌላ ስንቅ የለውምና ራሱን በልቶ። ተክለአብን እንደገና የቀበርኩት መሰለኝ።

እናትሽ የሰረቀችው ወዳው ነው። አንቺ የሰበርሽው ጠልተሽኝ ነው። የሷ ስለዚህ ተፈታ። ያንቺን ይዣለሁ። ሰው ልከሽ ብትለምኚኝ፣ ቀሳውስት ደጄ ቢቆሙ፣ ከእኔ ቀድመሽ ብትሞቺ እንኳ ይፍታሽ አልልሽም። እኔ ከቀደምኩም ይዤው እሄዳለሁ።

አይናለም


ኤድመንተን
ሴፕቴምበር 29 ቀን 2024

ይድረስ ለእትዬ አይናለም፣

ዝናቡ እዚህ ጀምሯል። እዚያ በረዶ ሳይጥል ይድረስልኝ ብዬ ነው ቶሎ የጻፍኩት።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። አመሰግናለሁ። ወረቀቱን ከመሐል በመቀስ ቆረጥኩት። የላይኛውን የንስሐ አባታችን መቃብሯ ላይ አነበቡላት፤ ሁለት ጊዜ እንዲያነቡልኝ ጠየቅኳቸው፣ አነበቡልኝ። እታፈራሁ አለቀሰች። ወደ ቤት ስንመለስ አጠገቤ ተቀመጠች። «ይኸው፣ ደግ ሴት ኖራለች፤ እኔ ነኝ አፌ የቸኮለ» አለችኝ። የታችኛውን ማንም አላየውም።

በረንዳው ላይ የሱቁ ማሰሮ ቀርቷል። መስታወቱን አንሥቼበታለሁ።

ለጠየቁኝ፣ በእጄ ነው። ድምፅ ነበረው። አንዱን ሰብሬ ጆሮዬን አስጠግቼ ነው ሌላውን የሰበርኩት።

የእኔን እንዳሉት ይያዙት። የእርስዎንም እኔ ይዣለሁ። እኔ ገና አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው።

ዝማሬ